ይህን ብቻ

ታርቱ፣ ወንዙ ዳር፣ ፒያኖ ቃኚ ነኝ እኔ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ያበላኝ ጆሮዬ ነው እንጂ፣ ዓይኔ
ያለ መነጽር ቀንና ሰው አይለይም።

በየዓመቱ ማብቂያ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲጸና፣
ከማሬት ሱቅ አንድ ባዶ ደብተር እገዛና፣
መስመሩን ራሴ አሰምራለሁ፤ የሌላ ሰው መስመር ይጠበኛል።
ግራው ገጽ ለቀጠሮው ነው፤ ቀኙ ለሰማሁት ይሆነኛል፦

«ቬስኪ መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ በዝናብ አንዷ ቁልፍ ትጣበቃለች።
መዋዕለ ሕፃናቱ፦ ከመዶሻዎቹ ሥር የፕላስቲክ ፈረስ አለች፤
አትውጣ ብለዋል ልጆቹ።
ሳልሜ፦ ወፍራሙን ክር ስነካ ውሻዋ አብራ ታለቅሳለች።
ኤንዴል፦ ከመሃል አንዷን ድምፅ ከልኳ ዝቅ አድርጊልኝ ይላል፤
ሚስቱ ስትዘፍን እዚያ ላይ ትወርድ ነበር፤ ልክ ሲሆን ይከፋዋል።»

ልጄ ኡኩ ይስቅብኛል። «እዚህ አገር ሰው፣ እማ፣
ግብሩን ይከፍላል፣ ድምፁን ይሰጣል፣ ሳያጠልቅ ገና ጫማ፤
አንቺ ግን እስከ ዛሬ የላጲስ ፍርፋሪ ትነፊያለሽ!
አንድ ቀን ይህ ደብተር ወንዝ ቢገባ፣ ማን ዘንድ ትሄጃለሽ?»

ስልሳ ሲሞላኝ ስልክ ገዛልኝ፤ ደብተሬን ገጽ በገጽ እያነበበ፣
ትምህርት ቤቱን በአረንጓዴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በሰማያዊ መደበ።
«ለኤንዴልስ?» አለኝ። «ግራጫ፣ ሹራቡ እንደሚመስለው።»
«በየስንት ጊዜው?» «በየመንፈቁ ነው።»
ከሥር «እስከ መቼ?» የሚል ሳጥን ነበር። አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቸኩሎ፣
«ለዘላለም» የሚለውን ነካና ወጣ፣ ካፖርቱን በትከሻው ጥሎ።

እውነቱን ልናገር፤ ስልኩ አላሳፈረኝም፤
ሁለት ሰው ባንድ ሰዓት ቀጥሬ፣ አንዱ ከበር ላይ አልተቀየመኝም።
ደወሉ ብቻ ከልኩ ዘለል ያለ ነበር፤ ጥርሴን አፋጨኝ፤ አልቻልኩት፤
የመቃኛ ሹካዬን ጠረጴዛ ላይ መታሁና፣ በዚያ ድምፅ ቀየርኩት።
ቀኙን ገጽም ልሰጠው ሞከርኩ፤ አላዳመጠኝም፣ ቀደመኝ፤
«ውሻዋ አለቀሰች» ብዬ ብጽፍ «ዋሻዋ አለቀች» ብሎ አረመኝ።

ኤንዴል በጥቅምት አረፈ።

በዓመቱ ማብቂያ ስም ስገለብጥ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣
እርሳሴ እሱ ዘንድ ቆመ። ቆየሁ። ገጹን ገለጥኩ። የወረቀት ለቅሶ እሱ
ነው፤ አለመገልበጥ። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያይም።

ስልኩ ግን በየካቲት፣ ድልድዩ ላይ፣ ኪሴ ውስጥ በሹካዬ ድምፅ ጠራኝ፦
«አስር ሰዓት። ኤንዴል።» ግራጫ።
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ «ሰርዝ» የሚለውን ስነካ፣
«ይህን ብቻ? ወይስ የሚመጡትንም ሁሉ?» አለኝ። ለካ
ቄሱ እንኳ በመቃብሩ አፋፍ እንዲህ አድርጎ አልጠየቀንም።
ጣቴ እስኪደነዝዝ ቆምኩ።
«ይህን ብቻ» አልኩ።

ኡኩ አሁንም «አንዱን ምረጪ» ይላል፤ ሁለት ቦታ መጻፍ ብክነት
ነው አሉ። እኔ ሁለት ጆሮ አለኝ፤ የትኛውን ልምረጥለት?
ሰዓቱን ለስልኩ፣ የሰማሁትን ለደብተሩ ትቻለሁ፤
ነሐሴ ላይ ደግሞ ይጠራኛል፤ «ይህን ብቻ» እላለሁ።

የዚያን ቀን ግራው ገጽ ባዶ ነው። በቀኙ ላይ፣ በእርሳስ፦
«አስር ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ። ከሥሬ በረዶው ሲሰነጠቅ፣ እንደ ወፍራም ክር ሲበጠስ
ሰማሁት። ከልኩ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው።»