ሦስት ሜትር ከሃያ

ይህን ኩሬ እንኳን ዝናብ አልሠራውም፣
ወንዝ አልገበረለት፣ ምንጭም አልወለደውም።
በሲሌዢያ ምድር፣ ጭስ በጠገበች ከተማ ዳር፣
ከሜዳው በታች የከሰል ዋሻ ነበር፤
አንድ ሌሊት መሬት ጉልበቱ ከዳበት፣
ሣሩም፣ አጥሩም፣ የድንቹ እርሻም ሰመጠበት፤
ሜዳው ጎድጎድ አለ እንደ አሮጌ አልጋ፣
ውሃ ገባበትና ተኛበት እስኪነጋ።

ማዘጋጃ ቤቱም ሲቸግረው አጠረው፤
በቦቴ ዓሣ ጭኖ፣ ሁለት ወንበር ተክሎ፣ በሰሌዳ አከበረው፦
«መዋኘት ክልክል ነው። ውሻ ይታሰር።
ካርድ የሌለው ሰው መንጠቆ አይወርውር።»

እኔ ነኝ ያንን ካርድ ጠያቂ፣ ተመልካች፣
ፊሽካዬ ባንገቴ፣ ደብተሬ ከብብቴ ታች።

ስንቱን አየሁበት በዚች እፍኝ ውሃ!

ሪሻርድ ይመጣል ሬዲዮ ታቅፎ፣
ኳሱን ሲሰማ ዓሣው ይሄዳል ትሉን ገፍፎ።
ኦቲሊያም አለች፣ የፋርማሲዋ ሴት፣
በቆሎ በጣሳ፣ ጃንጥላ በቀኝ ፊት፤
ቡሹ ስምጥ ሲል ትጮኻለች ሠፈር እስኪሰማ፣
ስባ ስታወጣው ቅጠል፣ ወይ የብስክሌት ጎማ።

አሎይዚ ግን ሌላ ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል የቆፈረ፣
ደረቱ እንደ ዛገ በር ሲያንቋርር ያደረ።
ከወፍ ቀድሞ ይደርሳል። ወንበር አይወድም፣
ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጣል ሁሌም፤
ካርዱን ሳልጠይቀው ያወጣል ከኪሱ፣
ከዚያ ትሉን ሰክቶ፣ ክሩን ያወርዳል በራሱ
ሦስት ሜትር ከሃያ።

በሐምሌ ሙቀት! እዚያ ታች ምን አለ?
ጭቃና ጨለማ ነው፣ ዓሣማ ላይ ዋለ።
«አሎይዚ፣ ስማኝ እንጂ፣ አንድ ሜትር በቂ ነው፣
ይኸን የምልህን፣ ቡሹን ዝቅ አድርገው።»
«እሺ» ይለኛል። አንድ ቀን አልቀነሰ።
ክሩ ታች መድረሱን ያውቃል፣ በጣቱ እየዳሰሰ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ዘንጉ ጎበጠ፣
ክሩ እንደ ጅማት ጮኸ፣ ውሃው ተናወጠ፤
ሪሻርድ ሬዲዮውን ዘጋ (ታሪክ ነው ይህ ራሱ!)
ኦቲሊያ መረብ ይዛ ሮጠች ወደ እሱ።

ሩብ ሰዓት ታግሎ ብቅ አለ ካርፑ፤
ሽማግሌ ዓሣ፣ ጭቃ የለበሰ፣
ከንፈሩ ጠባሳ፣ በስንት መንጠቆ የተሰነጠቀ፣
ስንቴ ተይዞ ስንቴ የተለቀቀ፤
አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
ስም ሊጠራ ብሎ ስሙ እንደጠፋው ሰው።

መዘንኩት። ስድስት ኪሎ ከሩብ።
አሎይዚ አጎንብሶ፣ እጁን በውሃ አርሶ፣
መንጠቆውን ነቀለ፣ እንደ ሕፃን እሾህ፣ ቀስ ብሎ ታግሶ፤
ከዚያ ወደ ውሃው።
ጅራቱ አንዴ ታየ። ጠፋ።

የኦቲሊያ የልጅ ልጅ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ያቺ መላኒያ፣
«አባባ አሎይዚ» አለች፣ «ከለቀቅኸው ታዲያ፣
ለምን አወጣኸው?»

ዝም አልን ሁላችን።
እሱ እጁን ጠረገ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ በሱሪው፤
«እኛም» አላት፣ «ልጄ፣ በገመድ ነበረ ጧት የምንወርደው፣
ማታም ያው ገመድ ነው ስቦ የሚያወጣን፣ ቤት የሚሰደው።
አንድ ማክሰኞ ታዲያ ወረድን አሥራ ሁለት፣
አሥራ አንድ ሆነን ወጣን፣ ያን ዕለት።
ቪልሄልም ቀረ።»

መላኒያ በጣቷ ቆጠረች። አሥር ላይ አለቀባት።

እኔም ደብተሬን ገልጬ እንደ ደንቡ ሞላሁ፦
«ካርፕ፣ አንድ። ስድስት ኪሎ ከሩብ። ተለቋል።»
ከጎኑ «ጥልቀት» የሚል ዓምድ አለ፣
ለዓመታት ባዶ የምተወው። ጻፍኩበት።

ሪሻርድ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ሁለት ለባዶ ተመርተናል።
አሎይዚ አዲስ ትል ሰካ፣ ክሩን መልሶ ሰደደ።
ቡሹን ዝቅ አድርግ አላልኩትም።
ወረደ፣
ወረደ።