ፖስተኛውና አሥራ ሁለቱ

የሄልቪን ዶሮዎች ቀበሮ የጨረሰው ኅዳር መጨረሻ ነው፤
አጥሩን መች ዘለለ? የተቆለለው በረዶ መሰላል ሆነው።
ጠዋት ፖስታ ይዤ ብደርስ፣ ከደጃፉ ቆማ፣
መጥረጊያ በአንድ እጇ፣ በአንድ እጇ ላባ፤ ድምጿ ሳይሰማ
ቆየች። ቆየችና፣
«ፖስተኛው» አለችኝ፣ «አንተ የማትረግጠው ደጅ የለምና
የእነዚህን ዘር ፈልግ። የእርባታ ጣቢያ ዶሮ አልሻም፤
እንደ ባንዲራ የተዘረጋ ኩክኒ ይዛ ጥርን አትሻገርም፤
ጠቁሮ ይረግፋል፣ ውርጭ ይበላዋል።
የእኔዎቹ ኩክኒ ባቄላ ያህላል፤
ላባቸው ድርብ ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ
‹በር ክፈቺ!› ይላሉ እንጂ፣ አይሉም ‹እሳት ዳር ልግባ›።»

እኔ ስለ ዶሮ የማውቀው ከድስት በኋላ ያለውን ነበረ፤
ግን በየሳጥኑ እጄን ስሰድ አፌም መጠየቅ ጀመረ፦
«አሮጌ ዘር ዶሮ አላችሁ? ኩክኒዋ ያጠረ?»
አንዷ ስለ ዶሮ ጠይቄያት ስለ ባሏ አወራችኝ።
አንዱ ከሱቅ የገዛውን እንቁላል፣ ማህተሙ እንኳ ሳይለቅ፣ ሰጠኝ፤
«ይፈለፈላል አይደል?» አለ ከልቡ፤ ሳቅ ተናነቀኝ።
የመምህሯ ሦስቱ ቆንጆዎች ናቸው፤ አውራ ግን የላቸውም፤
«አውራ ከሌለ» አለች ሄልቪ፣ «ቁርስ ነው፤ ዘር አይደለም።»
ከዚያ ጨለማው ወራት ገባ። ዶሮ በጨለማ አትጥልም።
ጠበቅን።

የካቲት ሲያልቅ፣ ፀሐይ ተመልሳ የጥዱን ጫፍ ስትነካ፣
ከመንገዱ ማብቂያ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ኡርፖ ቤት ነበሩ ለካ!
በዓመት ሁለት ፖስታ የሚደርሰው ሽማግሌ፤ ደጁን ዞር ብዬ ሳይ፣
ስድስት ግራጫ ዶሮዎች እንደ ባለርስት ያጉረመርማሉ ከእንጨት ክምሩ ላይ።
ዋጋ ጠየቅሁት። ዝም አለ።
«ለማን ነው?»
«ለሄልቪ፣ ለሃውታያርቪዋ።» ኮፍያውን አወለቀ፣
ራሱን አከከ፣ መልሶ አጠለቀ።
«እናቷ ለእናቴ ታቃፊ ዶሮ ሰጠቻት፣ ከነእንቁላሎቿ፤
ልዋጩ ማጭድ ነበር፤ አልደረሰም ከደጇ።
አባቴ ጠጣው።»
ወደ ውስጥ ገባ፤ የሱፍ ካልሲ የሞላ ቅርጫት ይዞ ወጣ፣
በየካልሲው ሁለት ሁለት፣ ሹሉ ወደ ታች፣ አሥራ ሁለት አመጣ።
በሌላ እጁ ማጭድ። «ይህንም አድርስልኝ» አለ።
በረዶው እስከ ወገብ ነው፤ የሚታጨድ ሣር የት አለ?

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለው ሌላ ነው፤
የእኔዎቹ በመኪና ሄዱ፤ ፍጥነቴ ግን የእግረኛ ነው።
መንገዱ በነጠረ ቁጥር «ይቅርታ» እላለሁ፣ ለካልሲ!
ሙቀቱን ብከፍተው ይበስላሉ፣ ብዘጋው ይቀዘቅዛሉ ብዬ፣
ጓንቴን አለበስኳቸው፤ መሪው ላይ ደነዘዘ ጣቴ።
በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፖስታው ዘገየ፤
አለቃዬ ሲደውል ዋለ፤ ስልኩን ማን አየ?

ሄልቪ አንድ ቀን አሳረፈቻቸው፤ መንገድ እንቁላልንም ያደክማል አለች።
ማጭዱን ተቀብላ ስለቱን በጣቷ ዳሰሰች፣
ምንም ሳትል ከእናቷ ካፖርት ጎን ሰቀለች።
በዘጠነኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ከመፈልፈያው ሳጥን አውጥታ፣
ከብርድ ልብስ ስር፣ ከሆዷ አስጠግታ፣
ሳትገላበጥ ታቅፋቸው አደረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው።
እንዴት ነበር ብላት፣ «ዶሮ መሆን» አለችኝ፣ «ወገብ ያለው ሰው ሥራ ነው።»

በባትሪ ስታበራባቸው በአምስቱ ውስጥ ቀይ ክር ታየ፤
ሰባቱ ጥርት ያሉ፣ ባዶ። ለነሱም የተናገረችው ነገር ነበር፤ አልሰማሁም።
በሃያ አንደኛው ቀን አራት ወጡ። አምስተኛዋ ዘገየች፤
ሁለት ቀን ሙሉ ከቅርፊቱ ውስጥ እየጮኸች
ሳትወጣ ቆየች።
ስሟን ፖስታ አለቻት።

ዘንድሮ በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ደብዳቤ ይዤ ቆሜ፣
ሄልቪ የቆጡን በር ስትከፍት አየሁ።
ፖስታ አንድ እግሯን በረዶው ላይ አሳረፈች፤
አነሳች። አሰበች።
ሌላኛውን ሞከረች።
ከዚያ እየተነጫነጨች ወጣች።