ዋጋ አልባ ድምፅ

እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣
ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣ እኔ፣ ላዲናና ቱማሽ፣
ሣጥኑን ገልብጠን ቆጠራ ጀመርን።
ጥያቄዋ አንድ መስመር ናት፦
«የዓለምን የበረዶ ውድድር ለማዘጋጀት
ከተማችን ትወዳደር ወይ?»
ከሥሯ ሁለት ክፍት ቤት፦
አዎ። አይ።

ባለፈው ወር ከንቲባው ዱሪ፣ በቢራ አዳራሹ ተነሥቶ
ነገን አሳይቶን ነበር፣ በካርቶንና በሙጫ ሠርቶ፤
ጥዱ ሁሉ ተነቅሎ፣ ነጭ የዝላይ ማማ ቆሟል፣
የጥርስ እንጨት ተሰባብሮ፣ ተመልካች ሆኖ ታድሟል።
«ዕዳው ገብስ ነው» አለ ስቆ፣ «ዓለም ራሱ ይከፍለዋል፤
ባቡሩ እስከዚህ ይደርሳል፤ ሆቴሉ ዓመቱን ይሞላል።»
ከወደ በሩ ኡርሲና፦ «ገብስ ይሁንልህ፣ ዱሪ፤
ማነው አጫጁ? ማነው ወቂው? ማነው ለዘር አስቀሪ?»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።
የተራራው ማዶ ልጅ ናት፤ እዚያ ታላቅ ድግስ ነበር፣
ዐሥራ ሁለት ቀን ችቦ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን መዝሙር።
ከዚያ ወዲህ የውሃ ሒሳብ፣ ደረሰኝ በመጣ ቁጥር
«ለማማው» የሚል ቃል አለ፣ ከግርጌው፣ በደቃቅ መስመር።
ማማው ዝጓል፤ ደረጃው ላይ፣ ፍየል ብቻ ነው እንግዳ፤
ዓለም ሲሄድ ሜዳ ተወ፣ በሜዳው ጉያ ግን ዕዳ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ፣
ልዋሽ አልችልም፣ እኔ ራሴ፣ ጠዋት «አዎ» ነው ያልሁት፤
በዱሪ ካርቶን አይደለም፣ በሴራይና ነው የተረታሁት።
የወንድሜ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ፤
ለመምረጥ አልደረሰችም።
ግን ከኮረብታው ጫፍ ስትለቅ፣ እጇን ወደ ኋላ ጥላ፣
አገጯ ሸርተቴው አፍንጫ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣
ነፋሱ ጎንበስ ይልና
እንደ እንቁላል ይሸከማታል።
ሦስት ሰከንድ ነው ጠቅላላው። ሦስት ሰከንድ ግን ማን አለው?
እኔ ስልሳ አንድ ዓመት ኖሬ፣ አንዲትም እንዲያ ያለች የለኝ።
ማማ ቢሠራላት፣ ዓለም ቆሞ ቢያያት አልሁ፤
ይህን ብዬ፣ ዕዳውን እያወቅሁ፣ ምልክቴን አኖርሁ።

አዎ። አይ። አይ። አዎ። አይ።
ላዲና ጣቷን በምላስ ታርሳለች፣
ቱማሽ መቶ መቶውን በላስቲክ ያስራል።
መስኮቱን ውሃ ይደበድባል፤
ጥር ነው፤ ዝናብ ነው።
ልጆች ሳለን በዚህ ወር፣ በረዶው መስኮቱን ይጋርድ ነበር፤
መምህሩ በቀትር መብራት ያበራ ነበር።

ከዚያ አንዲት ወረቀት መጣች። አዎም የላትም፣ አይም የላትም።
በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ በአናጢ እርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፦
«በየትኛው በረዶ?»
ጥጓ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ ጥቁር የሞተር ዘይት።
ላዲና አየችኝ። እኔ ቱማሽን አየሁት።
ሦስታችንም አወቅነው፤ ማንም ስም አልጠራም፤
በዚህ ሸለቆ አርባ ዓመት፣ በረዶ የሚተፋውን መድፍ
ሌሊት ሌሊት የሚጠብቅ፣ ከፍሉሪን በቀር ማንም የለም።
ደንቡ ግልጽ ነው።
ቱማሽ ማኅተሙን መታ፦ ዋጋ አልባ ድምፅ፤
ከሦስተኛው ክምር፣ ከባዶዎቹ አጠገብ፣ ብቻዋን አኖራት።

በአርባ አንድ ድምፅ «አዎ» ረታ።
ዱሪ ጠርሙስ ከፈተ፤ ቡሹ የቅርጫቱን ሰሌዳ መታ።
ስወጣ ሴራይና ከደጅ፣ ሸርተቴዋን በትከሻዋ፣
ውሃ ከቆቧ እየወረደ፣
«አሸነፍን እንዴ?» አለችኝ።
«አሸነፍን» አልኋት።
ቀና ብላ ኮረብታውን አየች፤ እኔም አየሁ፤
ሣሩ ለምልሟል።

በዚያች ሌሊት ጆሮዬን ወደ ተራራው አድርጌ ተኛሁ፤
መድፉ ሲያጓራ ልሰማ።
ቅዝቃዜው አልበቃ ብሎት እንደሆን እንጃ፣
እስኪነጋ ድረስ
ከላይ ድምፅ አልነበረም።