ስድስት ገመድ፣ አንድ ግድግዳ

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ እጥበቱ ጎን፣
መስኮት የሌላት ክፍል አለች፣ ስትጮህ የምታድር ብቻዋን።
ከደጅ የጎንደር ኅዳር ጣት ያደነዝዛል፤
ከውስጥ አሥር ማራገቢያ ሙቅ አየር ይተፋል።
አንድ ትልቅ ሻንሲ፣ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣
አሥራ ስድስት ምላጭ በሆዱ የተሸከመ።
ምላጭ የምንላቸው ስስ ሰርቨሮች ናቸው፤
ጢም አይላጩም፤
የደም ዓይነት፣ የእናቶች ካርድ፣ የላብራቶሪ ውጤት ነው ሥራቸው።

ከእኔ በፊት የነበረው ይርሳው፣ ወደ ባሕር ዳር የሄደው፣
ደብተር ትቶልኛል፣ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው፦
«ኃይሉ ሙሉ ነው፤ ስድስት ፓወር ሰፕላይ፤
አንዱ ቢሞት አምስቱ አሉ፤ አትነካኪ፤ ደህና ዋይ።»

ስድስት አረንጓዴ መብራት። ሦስት ወር አየኋቸው።
ሦስት ወር አመንኳቸው።

ማክሰኞ ሌሊት፣ የእስክሪብቶዬ ክዳን ወድቆብኝ፣
ከጀርባው አጎነበስኩ፤ ገመዱን መከተል አማረኝ።
ስድስቱም፣ እንደ አንድ ቤት ልጆች፣ እየተገፋፉ፣
ከአንድ ግድግዳ፣ ከአንድ ብሬከር ሥር ተሰለፉ።
ከከተማው መስመር ብቻ።
የጀነሬተሩ ሶኬት ከማዶ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤
ሸረሪት አድርቶበታል።

«ድር ቢያብር» ይባላል፤ ድሩ ሁሉ ከአንድ ምሰሶ ከታሰረ፣
ምሰሶው ሲወድቅ አንበሳውን ምን ቸገረ?

ጋሽ ሞላልኝን ጠራሁት፤ ጀነሬተሩ የእሱ ነው፤
አንገረብ ፓምፕ ቤት አርጅቶ እዚህ የተዛወረው።
አየና ሳቀ። «ሁለት ፓምፕ ነበሩን፣ ከአንድ ቧንቧ የሚጠጡ፤
ቧንቧው የደረቀ ለት አብረው ተቀመጡ።»

ሦስቱን ነቅለን ወደ ማዶ ሳብን፣ አንድ በአንድ፣ ትንፋሽ ይዘን፣
ቢያጥረን ከራጅ ክፍል ረጅም ገመድ ለምነን።
በስክሪኑም ላይ «አንድ ትርፍ» የሚለውን አጥፍቼ፣
«መስመር ለመስመር» በሚለው ተክቼ፣
አስጠነቀቀኝ ሻንሲው፦ ሦስቱ ብቻቸውን ሁሉን አይሸከሙም።
ሁለት ምላጭ አጠፋሁ፤ የሥልጠና ናቸው፣ የማንንም ደም አልያዙም።

ከዚያ ኔትዎርኩ። እዚህ ላይ አፍራለሁ።
የሻንሲው አድራሻ እንደ ተከራይ ሲንከራተት ኖሯል፤
በተነሳ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይቀበላል።
ቋሚ ቤት ልስጠው ብዬ ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩ፤
ሁለት መቶ አምሳ አራትን ሁለት መቶ አርባ አምስት አልኩ፤
«ተቀበል»ን ተጫንኩ።

ዝም።

አሥራ አራቱ ምላጭ ይሠራሉ፤ እኔን ብቻ አያውቁኝም።
በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ የሚከፍትልኝ የለም።
ከመሳቢያ የይርሳው ጠፍጣፋ ሰማያዊ ገመድ ተገኘ፤
ተንበርክኬ ከጆሮው ሰካሁት፣ ሹክ አልኩት፤
አንድ አሃዝ ነበር፣
አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ከአዲስ ዓለም አዛን፣ ከአባ ጃሌ ደወል፤
የጎንደር ንጋት እንኳ በሁለት መስመር ይመጣል።
ጀነሬተሩ ከደጅ ያጓራል። ሞላልኝ ከብሬከሩ ፊት፣
«ላውርደው?»
ላብራቶሪ ደወልኩ። ተረኛዋ እናኑ፣ «ናሙና በእጄ ነው፤ ታገሺ።»
ታገስኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ።
«አውርደው።»

ቷ!
ሦስት መብራት ከሰመ።
ማራገቢያው አንዴ ቃተተ፣ እንደ ሰው፣ ከዚያ ቀጠለ።
ሞላልኝ ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ የእኔን ግንባር ጠረገ።
ስልኩ ጮኸ። እናኑ ናት፦
«ምነው፣ መቼ ነው የምታጠፉት? ውጤቱ እኮ ወጣ።»

ከይርሳው ቀይ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ጻፍኩ፦
«ስድስት አይደለም፤ ሁለት ነው።
መብራቱን አትመኝ፤ ገመዱን በእጅሽ ተከተዪው።
ናፍጣው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።»