የኮንቴነሩ ሂሳብ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ ታክሲ የሚዞርበት፣
ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ አንድ መስኮት ያለበት፣
ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እዚህ ጭቃ ላይ የቀረ፣
የመርከብ ቁጥሩ ሳይለቅ ቀለም ብቻ የጨመረ።
«ነፃ የሕግ ምክር» ይላል፤ በሩ ላይ የጻፍኩት እኔ፣
የ«ነ» አንገቷ ቢጣመምም፣ አራት ዓመት ለምዷታል ዓይኔ።

ትርሲት ናት ጠበቃዋ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ወረቀት አለህ?» ትላለች፣ ሰው ገና ወንበር ሳይጠጋ።
ሦስት ወር ሲሚንቶ ተሸክሞ ደሞዙን የተካደ፣
ጫማው ላይ የደረቀው ኖራ ምስክር ሆኖለት የሄደ፤
ጎመን ቸርቻሪዋ ሽታዬ፣ በሐምሌ «ውጪ» የተባለች፣
ውል የላት፣ ምስክር የላት፤
የከፈለችበትን ቀን ግን በጣቷ ቆጥራ ታውቃለች።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።
ሰጪውን አላውቀው ከሩቅ፣ እሱም አያውቀኝ ተቀጣሪ።
የመጣው ሁሉ ሲወጣ ይመርቃል።
ምርቃት በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

በየካቲት ደብዳቤ መጣ። ጨዋ ነው፤ ሰላምታ አለው።
«በመደገፋችን ኮርተናል» ይላል መጀመሪያው፤
«ከሰኔ ሠላሳ በኋላ» ይላል ቀጥሎ ያለው።
ትርሲት ሁለቴ አነበበች። እኔ አንዴ። ቁጥር አልነበረበትም፤
ቁጥሩ ዜሮ ነበር፤ ዜሮን ማንም አይጽፍም።

ከዚያ አሠልጣኝ ተላከ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣
ነጭ ሰሌዳ ላይ ቀስት ሠርቶ፣ ቀስቱን በቀስት አስነከሰ።
«ራስን መቻል» ብሎ አሰመረ፤ «ደንበኛ እንጂ ተረጂ አትበሉ፤
በአንድ ጥያቄ ሃምሳ ብር፣ ለምዶ ይከፍላል ሁሉ።»

እኔ ደገፍኩት። ልዋሽ አልፈልግም፤
ደሞዜም ከዚያው ነው፣ ነፋስ አልመገብም።
ከ«ነፃ» በታች «ሃምሳ ብር» ለጠፍኩ።
ሰኞ ዕለት አሥራ አንድ ሰው አንብቦ ተመለሰ፤
ማንበብ የማይችል አንድ ሽማግሌ ብቻ ወንበሩ ላይ ደረሰ።

ማክሰኞ ደላላው ሰብስቤ፦ «የቤት ውል ጻፉልኝ፣
ደንበኛው ከእኔ፣ ማኅተሙ ከእናንተ ይሁንልኝ።»
እጄ ወደ ደረሰኙ ሲሄድ ትርሲት ውሉን ገለጠች፤
«ሰባተኛዋን አንብቢ» አለች።
«አከራይ ባሻው ቀን ያስወጣል።»
ሽታዬን ያስወጣት ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል።
«ውሉን እንጽፋለን» አለችው፤ «ሰባትን ግን እኔ እጽፋለሁ፦
የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ።» እያጉረመረመ «እመለሳለሁ»
አለ። ተመለሰም። ፍርድ ቤት የማያፈርሰው ውል ይሸጣል።

እሑድ የእድር ስብሰባ። ድስቱና ድንኳኑ ተቆጥሮ፣
የተሰበረው አግዳሚ ጉዳይ ሲነካካ፣
ዳኛው አቶ ጉርሜሳ መሬቱን በከዘራቸው ነካ ነካ
አድርገው፦ «ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ከነዕቃው በዝናብ ሲወጣስ?
ሬሳ እንኳ ጣሪያ አለው፤ ነፍስ ያለው ሰው ሲጣልስ?
በወር አምስት ብር እንጨምር፤ ምክሩም የእኛው ይሁን።»
ከኋላ አንዷ ተነሳች፦ «የተማማልነው ለሞት ነው፤
ለሙግት አምስት ብር? እንዲያው ምን ሆነን!»
ጥላው ዞረ፣ ክርክሩም ዞረ፤
በሰባት እጅ ብልጫ አለፈ። የተሸነፈው አኮረፈ፤
መክፈሉን ግን ከሁሉ ቀድሞ ጀመረ።

የነሐሴ ሂሳብ እነሆ፦
ሦስት እድር፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ቤት፣
አምስት አምስት ብር፦ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ።
ፎቶ ኮፒ፣ ወረቀት እየነከሰች፦ ሦስት ሺህ አራት መቶ።
የቤት ውል፣ ሰባተኛዋ በትርሲት እጅ፦ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።
ወጪ አሥራ አራት ሺህ።
ጉድለት ሁለት ሺህ አራት መቶ፣
ግማሹ ከትርሲት፣ ግማሹ ከእኔ ደሞዝ ወጥቶ።
አሠልጣኙ ቢያይ «አልቻላችሁም» ይላል።
እውነቱን ነው። በሁለት ሺህ አራት መቶ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ከሩብ፣ ቁልፉን ሳወጣ ከቦርሳ፣
ሽታዬ ቆማለች፣ ጎመኗን ደጃፉ ላይ አንተርሳ።
«ሦስት ሰዓት አላላችሁም? ሩብ ሰዓት ተገተርኩ!
በወር በወሩ አምስት ብር ለቆርቆሮ ነው የከፈልኩ?»

አራት ዓመት በነፃ ስትመጣ አንድ ቀን ተቆጥታ አታውቅም፤
ብንዘጋባት እንኳ ትመርቅ ነበር እንጂ አትጠይቅም።
ይቅርታ አልኳት። ወንበር ሳብኩላት። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩና
«ቁጣ፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፣
ከግራ በኩል፤ ገቢ ነውና።