ይላላል ወይስ ይጠብቃል

ሥራዬ ጽሕፈት ነው፣ ከጀልባ መቆሚያው፣
አንድ ጣሳ ሰማያዊ፣ ሁለት ብሩሽ፣ ክር ለመስመር መሳያው።
በግንቦት አንድ ቅዳሜ የአንለይን ጀልባ ቀባሁ፤
«ሐይቅ» ልል በእንግሊዝ አፍ፣ እስከ ጉልበቴ ውኃ ገባሁ።
ኤል ጻፍሁ። ቀጥዬ ኢ። ቀጥዬ ኤ። መጨረሻ ኬ።
አራት መቶ ብሬን ተቀበልሁ፣ ደስታዬም በልኬ።

በማግስቱ አንድ ፈረንጅ ሊሳፈር መጥቶ ሳቀ፤
አንድ እግሩ ከጀልባው፣ አንድ እግሩ ከድንጋዩ፣ እንደዚያው ደረቀ።
«ሌክ አይደለም፣ ሊክ ነው» ብሎ ጣቱን ቀሰረ፤
ከጭራ የምትቆመው ኢ መሃል ገብታ፣ ሐይቁ ቀረ፣
«የምታፈስ» ሆነች ጀልባዋ። ወሬው እስከ ዓባይ ድልድይ በረረ።

ሊክና ሌክ በእኛስ ፊደል ምን ያህል ይራራቃሉ?
ጭረትና ቀለበት ነው፣ ከእግራቸው ያለው ሁሉ።
አንለይ ግን አልተቆጣ። «ያወጡልኝ ስም አንለይ፤
እኔ ከየት አምጥቼ ሌን ከሊ ልለይ?»

ስምንተኛ ክፍል ናት አትጠገብ፣ የእሱ ልጅ፤
ደብተር ይዛ መጣች ልታርመኝ፣ እንደ ዳኛ፣ እንደ ፈራጅ።
«ሺፕ ጎትተህ ስትለው በግ ነው፤ ቆርጠህ ስትለው መርከብ፤
ባንተ ብሩሽ፣ ጋሼ፣ በግ በግ ሸተተ ወደብ።
ሆቴሉ ሜኑ ላይ ደግሞ አንዲት ኤስ ስትቀንስ
ጣፋጩ ምድረ በዳ ሆኗል፤ ማን አዝዞ ሊቀምስ?»

እኔም አፌን ያዝሁ። ግን የእኛስ ቃል? የእኛስ ጣጣ?
«ዋና ክልክል ነው» ብዬ ጽፌአለሁ፣ ለወጣ ለመጣ፤
ሲላላ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ እሱም እንዳይመጣ!

ሰኔ ላይ፣ ማንጎ ሊጭን፣ አንለይ ወደ ደቅ ሄደ።
ማታ ነፋስ ተነሣ። ሞገዱ ተራራ እየሠራ ተናደ።
አልተመለሰም።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በአትጠገብ ስልክ መልእክት፣ ከማናውቀው ቁጥር፤
«አንለይ አለ» ይላል። ሌላ የለም። ኔትወርኩም ድርግም፣ ጥፍት፣ ጭር።

አለ?
ሲላላ፣ አንድ ነገር ተናግሯል፤ ቀሪው ቃል የት ወደቀ?
ምን ብሎ? ለማን ብሎ? ከዚያስ? ማንም አልጠየቀ።
ወይስ ስም አይደለም ይኼ፤ «አንለይ» ማለቱ ነው፣ ለምኖ።
ሲጠብቅ ግን አለ። በቃ፣ አለ፤ ልብሱ በስብሶ፣ በርዶት፣ ሰው ሆኖ።

ሚስቱ እቴነሽ ፊደል አልቆጠረች፤
«አጥብቃችሁ አንብቡት» አለች።
አጠበቅነው። ደግመን አጠበቅነው።
ይጠብቃል ቃሉ፤ ይጠብቃል ሰው፣
ከድንጋዩ ተቀምጦ፣ ጨለማው ውኃውን እስኪመልሰው።

ጠዋት መጣ፣ በሰው ጀልባ፣ የራሱን በገመድ እየጎተተ፤
ማንጎው ግማሹ የለም። ባልዲ ጨብጦ ያደረ እጁ
እንደተጨበጠ ነው፣ አልተከፈተ።
ብሩሼን ይዤ ሮጥሁ፣ ኢን ከመሃል ላወጣት፣ ወደ ጭራዋ ልመልሳት።
«ቆይ እስቲ፣ ምን በወጣት? እውነት ነው የተናገረች፤ ተዋት።
መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን፤ ፊደሉ ይደርሳል»
አለ።
ይኼኛው ይላላል።