ግማሽ ግድግዳ

የፊተኛውን ቤት የሠራው ፍርሃት ነው፤
በሸለምጥማጥ ስም ቀዳዳውን ደፈነው፣
በሌባ አሳብቦ በቆርቆሮ አፈነው።
ከላይ ቆርቆሮ ነው፣ ከጎንም ቆርቆሮ፣
መስኮት የሌለበት የታሸገ ከበሮ።
ሠላሳ ቄብ ገዛሁ በጡረታ ገንዘብ፣
ቆልፌባቸው ተኛሁ፣ ያለ ውሻ ያለ ዘብ።

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ነፋስ ከሐይቁ ጠፍቶ፣
ሽምብጥ በጠራራው እንደ ሸማ ተሰጥቶ፣
በሩን ስከፍተው ከቀኑ ዘጠኝ ላይ፣
ዐሥራ አንዱ ተዘርረው፣ ምንቃር ወደ ሰማይ።
ሸለምጥማጥ አልገባ፣ ጭልፊት አልነካ፤
ቁልፌ ነው ለካ።
ከፓፓያው ሥር ቆፍሬ ቀበርኳቸው፤
ጎረቤት «ፈንግል ነው» አለ። ዝም አልኳቸው።

ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ውዬ፣
ጥጥ በአፍንጫዬ፣ ብናኝ በጉሮሮዬ፣
ማራገቢያው ሲቆም ሰው እንዴት እንደሚያስል
የማውቅ ሴት ሆኜ ዶሮን አየር ልከልክል?

ይርሳው አናጢው መጣ፣ እርሳስ በጆሮው ሰክቶ፣
ባዶውን ግቢዬን ከዳር ዳር ተመልክቶ፣
«እትዬ አንጓች፣ ይኼ መቶ ያድርበታል፤
ፎቅ ካደረግነውማ ሁለት መቶ ይወጣዋል።»

ፎቅ ለዶሮ? አልኩት። የማን ጉልበት ወጥቶ
ኩሱን ሊጠርገው ነው፣ ማንስ ውኃ አምጥቶ?
ወገቤ አያጎነብስ፣ ልጄ ያለው ሩቅ፤
እኔ ነኝ ቅዳሜ ብቻዬን የምዝቅ።
በግቢዬ ስፋት ዶሮ አትቁጠርልኝ፤
ክንዴን ለካና ቤቱን በርሱ ሥራልኝ።
ሦስት ሜትር በሁለት። ዐሥራ ዘጠኝ ቀርተውኛል፣
አምስት እጨምራለሁ፤ ለሃያ አራት ይበቃል።

«ፊቱን ወደ ጣና እናዙረው፣ ያያሉ።»
ዶሮ ሐይቅ አያይም፤ ቢያዩስ ምን ይላሉ?
ፀሐይ አጭር ጎኑን ጠዋት ማታ ትንካው፤
ረጅሙን ለነፋስ፣ ነፋስ ነው የሚያረካው።
ግድግዳው እስከ ጉልበት በጭቃ ይለሰን፤
ከዚያ በላይ ሽቦ፣ ሸለምጥማጥ የሚያሳዝን።
ከቆርቆሮው በላይ ደንገል ይነጠፍበት፤
ክፈፉም ይውጣ፣ ክንድ ተኩል ጨምርበት፣
ወጨፎው በሐምሌ ደጅ እንዲቀርበት።
ታንኳ ሆኖ ሰውን የሚሸከም ደንገል
የአንድ ቀትር ፀሐይ ይከብደዋል አትበል።
መረሬው የጠጣውን እስከ መስከረም አይተፋ፤
ወለሉን በድንጋይ አንሣው፣ እግራቸው እንዳይከፋ።
በሩን በእኔ ቁመት፣ ቆጡን በደረቴ፤
የቆጡን አወርድ ብላ
የብብቷን የጣለች እኔው ነኝ፣ በቤቴ።

«ግማሽ ግድግዳ?» አለ። ሰው እንዳይስቅበት
ፈርቶ፣ ስሙን እንኳ በሩ ላይ አልጻፈበት።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ሐይቁ ተነሥቶ፣
ነጎድጓድ እንደ በርሜል ጣሪያ ላይ ተንከባሎ፣ ተንጓጉቶ፣
ባትሪና ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ በባዶ እግሬ፣
ልቤ እንደዚያ ሚያዝያ፣ ጭቃው እስከ ባቴ ውጦኝ፣ ተደናብሬ።
ነፋሱ በሽቦው ገብቶ በሽቦው ወጣ፣
ከራሳቸው በላይ፣ አንድ ላባ ሳይቆጣ።
ጭዱን በእጄ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው፣ እንደ መኸር።
ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ቁጥር።

ገብስማዋ የለችም።
ጥጉን ሁሉ ፈለግሁ። ከፓፓያው አጠገብ፣
ያ አሮጌ ቆርቆሮ ተደግፎ ከቆመበት፣
ዝናብ በጎን እየገባ፣ ጎርፍ በእግሯ እየሄደ፣
ዕንቁላሎቿን ታቅፋ፣ ላባዋ ተልጦ ተላምዶ፣
የእኔን ባትሪ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፤
ንቀት በሚመስል ዐይን ልሂድላት ጠየቀችኝ።

አላነሣኋትም። ጃንጥላዬን ተክዬ
እየበሰበስኩ ገባሁ፣ ሃያ ሦስት ብዬ።